አዛንን የመለሱት ጠቅላይ ሚኒስትርና የኔቶ ጥላ

በማርማራ ባሕር ውስጥ ኢምራሊ የምትባል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1961 በዚያች ደሴት ላይ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሰው ነጭ ልብስ ለብሰው ወደ መስቀያው ተወሰዱ። ሰውየው ሽፍታ ወይም ነፍሰ ገዳይ አልነበሩም። በ1950፣ በ1954 እና በ1957 በተከታታይ የተካሄዱትን ምርጫዎች ያሸነፈው ፓርቲ መሪና ቱርክን ለ10 ዓመታት ያስተዳደሩት ጠቅላይ ሚኒስትር አድናን መንደሬስ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኚህን ሰው የዓለም ሙስሊሞች የሚያስታውሷቸው በአንድ ነገር ነው። ለ18 ዓመታት በቱርክ ሚናራዎች ላይ የተከለከለው የዐረብኛ አዛን በእሳቸው ዘመን ተመልሷል። የጦርና የፖለቲካ ተመራማሪዎች ደግሞ በሌላ ነገር ያስታውሷቸዋል። ቱርክን የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት፣ በአጭሩ የኔቶ አባል ያደረጓት እሳቸው ናቸው። የሰቀሏቸው ሰዎች ከሞስኮ የመጡ አልነበሩም። የዚያው የኔቶ አባል የሆነው የገዛ አገራቸው ጦር መኮንኖች ነበሩ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ ኔቶ ብዙ ይወራል፤ ብዙም ይጻፋል። አንዳንዱ የሰላም ዘበኛ ያደርገዋል፤ ሌላው የክፋት ሁሉ ምንጭ አድርጎ ያየዋል። ለመሆኑ ይህ ቃል ኪዳን የሚጠብቀው ምንድን ነው? አገርን ነው ወይስ መንግሥትን? ድንበርን ነው ወይስ ፍትሕን? የመንደሬስ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ከብዙ ትንታኔ የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁና ታሪኩን ከሥሩ እንመልከተው።

ከአይዲን እርሻ እስከ ፓርላማ

አድናን መንደሬስ በ1899 በምዕራብ ቱርክ በአይዲን ከባለ ርስት ቤተሰብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። በኢዝሚር ከተማ በነበረ የአሜሪካውያን ኮሌጅ ተማሩ። የኦቶማን መንግሥት ተሸንፎ የግሪክ ጦር አካባቢያቸውን ሲይዝ ከታገሉት ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ ለዚህም የነፃነት ጦርነት ሜዳልያ ተሸልመዋል። ከዚያም ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ወደ ፖለቲካ የገቡት በ1930 ነው። በዚያ ዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ የቆየ አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ሲቋቋም በአይዲን ቅርንጫፉን አደራጁ። ፓርቲው ሲፈርስ አታቱርክ ወጣቱን የእርሻ ባለቤት ስላስተዋሏቸው በ1931 በገዢው የሪፐብሊካን ሕዝባዊ ፓርቲ ስም የፓርላማ አባል ሆኑ። የምክር ቤት አባል ሳሉም በአንካራ ሕግ ተምረው በ1935 ተመረቁ። ለ14 ዓመታት ያህል ብዙ ድምፅ ሳያሰሙ በአንድ ፓርቲ ሥርዓት ውስጥ ኖሩ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በ1945 ከጀላል ባያር፣ ከፉአድ ኮፕሩሉና ከረፊቅ ኮራልታን ጋር ሆነው ተጨማሪ ነፃነት የሚጠይቅ ጽሑፍ ለፓርቲያቸው አቀረቡ። ውጤቱ መባረር ሆነ። በጃንዋሪ 1946 አራቱ ሰዎች ዴሞክራት ፓርቲን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ብዙ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ተወገዘ። ሜይ 14 ቀን 1950 በተካሄደው ነፃ ምርጫ ግን ዴሞክራቶች ከ487 መቀመጫዎች ከ400 በላይ የሚሆኑትን ወሰዱ። ባያር ፕሬዚዳንት፣ መንደሬስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ለ27 ዓመታት አገሪቱን የገዛው ፓርቲ ጥይት ሳይተኮስ ሥልጣን ለቀቀ።

በረመዳን ዋዜማ

በ1932 በቱርክ አዛን በዐረብኛ መሆኑ ቀርቶ በቱርክኛ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በ1941 ደግሞ በዐረብኛ አዛን ያደረገ ሰው በእስርና በገንዘብ እንዲቀጣ ሕግ ወጣ። ሙአዚን ሆኖ ከሚናራ ላይ ለፖሊስ መጋለጥ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ሊገምተው ይችላል። ብዙ የገጠር ሰው ለአንካራ የነበረው ቅሬታ ከዳቦና ከግብር ቀጥሎ ይኸው ነበር።

ጁን 16 ቀን 1950፣ መንደሬስ ሥልጣን ከያዙ ወር ሳይሞላ፣ የረመዳን ጾም ሊገባ ሲል ፓርላማው ያንን ቅጣት ሰረዘ። ተቃዋሚ የሆነው የቀድሞው ገዢ ፓርቲ እንኳ አልተከራከረም። ሕጉ የቱርክኛውን አዛን አልከለከለም፤ በዐረብኛው ላይ የነበረውን ቅጣት አነሳ እንጂ። ሆኖም መስጊዶቹ ሳይዘገዩ ወደ ቀድሞው አዛን ተመለሱ። በ1951 ደግሞ የኢማምና የኸጢብ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ።

ይህን ሲያነቡ መንደሬስን እስላማዊ መንግሥት ሊመሠርቱ የተነሱ ሰው አድርጎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። አኗኗራቸው እንደ ማንኛውም የዘመኑ የቱርክ ልሂቅ ነበር። የአታቱርክን ክብር የሚነካ እንዲቀጣ በ1951 ሕግ ያወጣው የእሳቸው መንግሥት ነው። የሠሩት ነገር ቀላል ነበር። ሕዝቡ የጠየቀውን ሰጡ። ሕዝቡም አልረሳቸውም።

የኮሪያ ደም የከፈተው በር

አዛኑ ከተመለሰ 9 ቀን በኋላ፣ ጁን 25 ቀን 1950 የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። ይህ ሩቅ ጦርነት የቱርክን ዕጣ የሚወስን ሆነ።

ለምን? ቱርክ ከሰሜን ጎረቤቷ እውነተኛ ስጋት ነበረባት። ሶቪየት ኅብረት በ1945 ከቱርክ ጋር የነበራትን የወዳጅነት ውል አፍርሳ የካርስንና የአርዳሐንን ግዛቶች፣ በተጨማሪም በቦስፎረስና በዳርዳኔልስ የባሕር መተላለፊያዎች ላይ የጦር ሠፈር ጠይቃ ነበር። በ1947 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ ሲያስፈቅዱ ከዚያ ውስጥ 100 ሚሊዮኑ የቱርክ ነበር። እርዳታ ግን ቃል ኪዳን አይደለም። ኤፕሪል 4 ቀን 1949 ኔቶ በ12 አገሮች ሲመሠረት ቱርክ ከውጭ ቀረች።

የኔቶ ውል መሠረቱ አምስተኛው አንቀጽ ነው። በአንዱ አባል ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል ይላል። ስድስተኛው አንቀጽ ደግሞ ጥበቃው የሚደርስበትን ምድር ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ውል ፈረንሳይ በቅኝ ግዛት የያዘቻትን አልጄሪያን በስም ጠቅሶ ያካትት ነበር። ቱርክ ግን በዝርዝሩ አልነበረችም። የመንደሬስ መንግሥት በኦገስት 1950 አባልነት ጠይቆ በሴፕቴምበር የእምቢታ መልስ አገኘ። ትናንሾቹ የሰሜን አውሮፓ አገሮች በካውካሰስ ተራሮች ምክንያት ጦርነት ውስጥ መግባት አልፈለጉም። ብሪታንያ ደግሞ ቱርክን ለመካከለኛው ምሥራቅ ጥቅሟ መከላከያ ልታደርጋት ትፈልግ ነበር።

መንደሬስ ግን የበሩን ቁልፍ አስቀድመው መርጠው ነበር። በጁላይ 1950 ካቢኔያቸው 4,500 ወታደሮችን ወደ ኮሪያ ለመላክ ወሰነ። ፓርላማውን አላማከሩም። ተቃዋሚዎች ጮኹ፤ የሰማቸው አልነበረም። በጄኔራል ታህሲን ያዚጂ የሚመራው ብርጌድ በኖቬምበር መጨረሻ ኩኑሪ በተባለው አካባቢ ከቻይና ጦር ጋር ገጥሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮቹ ሞቱ፣ ቆሰሉ። በጦርነቱ በጠቅላላ ከ700 በላይ ቱርኮች ወደቁ።

እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ ይነካል። በሜይ 1951 የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ሲደርስ ቱርኮቹ ቀድመው እዚያ ነበሩ። ሁለቱም በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ በአሜሪካ ክፍለ ጦሮች ውስጥ ተሰልፈው ተዋጉ። ከኢትዮጵያውያኑም ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ዋጋው አንድ ዓይነት ደም ሲሆን ክፍያው ግን ለየቅል ነበር። ኢትዮጵያ በ1953 ከአሜሪካ ጋር ውል ተፈራርማ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ስታገኝ በአስመራ የሚገኘውን የመገናኛ ጣቢያ ለአሜሪካውያን ሰጠች፤ የመከላከያ ቃል ኪዳን ግን አልተሰጣትም። ቱርክ ሙሉ አባልነት አገኘች። ልዩነቱን የፈጠረው ጀግንነት አልነበረም። ቱርክ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ትዋሰናለች፤ የጥቁር ባሕር በርም በእጇ ነው።

በሴፕቴምበር 1951 ኔቶ በኦታዋ ተሰብስቦ ግሪክንና ቱርክን ለመቀበል ወሰነ። በኦክቶበር ውሉ ተሻሽሎ የቱርክ ምድር በስድስተኛው አንቀጽ ውስጥ ገባ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1952 ቱርክ አባል ሆነች። በአትላንቲክ ስም የተሰየመው ቃል ኪዳን እስከ አራራት ተራራ ድረስ ደረሰ። ብዙ ጊዜ ኔቶ የተለወጠው ከ1990 በኋላ ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ለውጥ ይህ ነው፤ ውቅያኖስን ሊጠብቅ የተቋቋመ ድርጅት ወደ ሙስሊሙ ዓለም ደጃፍ መጣ።

ጥላው ሲሰፋ፣ ዋጋው ሲንር

ጥቅሙን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስታሊን ሞቶ ብዙም ሳይቆይ፣ በሜይ 1953 ሞስኮ የካርስንና የአርዳሐንን ጥያቄ በይፋ ተወች። አንድም የቱርክ መንደር አልተወሰደም። መንደሬስ ለአገራቸው የፈለጉት ዋስትና በእርግጥ ሠርቷል።

ዋስትና ግን በነፃ አይሰጥም። በአዳና አቅራቢያ ኋላ ኢንጂርሊክ የተባለው ታላቅ የአየር ኃይል ሠፈር ተሠራ። በኢዝሚር የኔቶ የምድር ጦር ማዘዣ ተከፈተ። ከዋሽንግተን ጋር ከተፈረሙት ስምምነቶች ብዙዎቹ በፓርላማ ክርክር አልተደረገባቸውም። አገሪቱ ምን እንደፈረመች ያላወቁ የሕዝብ ተወካዮች ሕዝብን እንዴት ሊጠብቁ ይችላሉ?

የውጭ ፖሊሲውም ጠበበ። በኤፕሪል 1955 የእስያና የአፍሪካ አገሮች በባንዱንግ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያም ቱርክም ተገኝተው ነበር። የቱርኩ ልዑክ ፋቲን ሩሽቱ ዞርሉ በዚያ ጉባኤ ላይ የምዕራቡን ቃል ኪዳን ጠበቃ ሆነው ከገለልተኞቹ ጋር ተከራከሩ። ዞርሉ ቀደም ሲል በኔቶ የቱርክ ቋሚ ተወካይ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደፊት እንመለስበታለን። አልጄሪያውያን ከ1954 ጀምሮ ለነፃነታቸው ሲሞቱ፣ አንካራ የኔቶ አጋሯን ፈረንሳይን ላለማስቀየም በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ከጎናቸው አልቆመችም። ይህ ነገር ቱርኮችን እስከ ብዙ ዓመታት ድረስ አሳፍሯቸዋል።

በፌብሩዋሪ 1955 መንደሬስ ከኢራቅ ጋር የባግዳድን ውል ፈረሙ፤ ብሪታንያ፣ ፓኪስታንና ኢራን ተከተሉ። የኔቶን ጥላ እስከ ሂማላያ ሊዘረጉት ያሰቡ ይመስል ነበር። ዐረቦቹ ግን ውሉን የቅኝ ገዢ እጅ አድርገው አዩት። ጁላይ 14 ቀን 1958 የኢራቁ ንጉሥ ፈይሰል ለውሉ ስብሰባ ወደ ኢስታንቡል ሊመጡ ሲጠበቁ በባግዳድ አብዮት ተነሥቶ ተገደሉ። መንደሬስ ጦር ለመላክ አስበው ነበር፤ አሜሪካውያን ግን አልደገፏቸውም። በማግሥቱ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ሊባኖስ ሲወርድ የአዳናው ሠፈር መሸጋገሪያ ሆነ። ልብ እንበል፤ ቱርክን ከሶቪየት ጥቃት ሊጠብቅ የተሠራ ሠፈር በዐረብ አገር ለሚካሄድ ዘመቻ ዋለ። በኦገስት ወር ደግሞ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮን በምስጢር ወደ አንካራ መጥተው ከመንደሬስ ጋር ተገናኙ። እስራኤል ከዐረቦች ጀርባ ወዳጅ ለማፍራት ባወጣችው በዚያ ዕቅድ ውስጥ ከቱርክና ከኢራን ሌላ ኢትዮጵያም ነበረችበት።

በ1959 መንግሥታቸው ጁፒተር የተባሉ 15 የኑክሌር ሚሳይሎች በቱርክ ምድር እንዲተከሉ ተስማማ። በሜይ 1960 መጀመሪያ ደግሞ በሶቪየት ሰማይ ላይ የተመታው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ጓድ መቀመጫው ኢንጂርሊክ እንደነበረ ታወቀ። ከለላ ሊሆን የተጠራው ጥላ ራሱ መብረቅ የሚስብ ሆነ።

በቤት ውስጥ የተዘራው

መንደሬስ በአገር ውስጥ መጀመሪያ ላይ ተሳክቶላቸው ነበር። በማርሻል እርዳታና በብድር የትራክተሮች ቁጥር ከ2,000 ከማይሞላ ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 40,000 ደረሰ። መንገድ ያልነበረው መንደር መንገድ አገኘ። ከዚያ ዝናብ ሲቀንስ፣ ዕዳ ሲከመር፣ ዕቃ ሲጠፋ የገበያው ፊት ተለወጠ። በኦገስት 1958 አንድ ዶላር ከ2.80 ሊራ ወደ 9 ሊራ ተሰላ።

ከኢኮኖሚው የከፋው ግን የፍትሑ ነገር ነበር። በጭቆና ላይ ተነሥተው ሥልጣን የያዙት ሰው ራሳቸው ትችት መስማት አቃታቸው። ጋዜጠኞች ታሰሩ። የኪርሸሂር ክፍለ ሀገር ሰዎች በ1954 ለሌላ ፓርቲ ድምፅ ስለሰጡ ክፍለ ሀገራቸው ወደ ወረዳነት ዝቅ ተደረገ። በሴፕቴምበር 1955 በሳሎኒካ የአታቱርክ የትውልድ ቤት በቦምብ ተመታ የሚል ወሬ ሲነዛ፣ በኢስታንቡል የሚኖሩ ግሪኮች ሱቅ፣ ቤትና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሌሊት ወደመ፤ ሰዎችም ተገደሉ። የመንግሥት እጅ እንዳለበት በኋላ በፍርድ ቤት ተረጋገጠባቸው። አዛንን የመለሰ መንግሥት የጎረቤትን አማኝ ቤት መጠበቅ አለመቻሉ፣ ይልቁንም መንገዱን መክፈቱ፣ በታሪካቸው ላይ የማይለቅ ነቁጥ ነው። ሙስሊም ነንና ስለ ሙስሊም መሪ ስንጽፍ ይህን መደበቅ የለብንም።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1959 የቆጵሮስን ስምምነት ለመፈረም ሲጓዙ አውሮፕላናቸው ለንደን አቅራቢያ ወደቀ። ከተሳፈሩት 24 ሰዎች 14ቱ ሲሞቱ እሳቸው ተረፉ፤ ስምምነቱንም ከሆስፒታል ሆነው ፈረሙ። ደጋፊዎቻቸው ከሞት የተረፉትን መሪ በታላቅ ደስታ ተቀበሉ። እሳቸው ግን ከዚህ የተማሩት ትሕትናን አልነበረም። በኤፕሪል 1960 ከራሳቸው ፓርቲ ብቻ በተመረጡ 15 የፓርላማ አባላት የተዋቀረ፣ የዳኝነት ሥልጣን ያለውና ተቃዋሚዎችን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋሙ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ጥይት ተተኮሰ። ወታደራዊ አዋጅ ታወጀ።

ከያሲአዳ እስከ ኢምራሊ

ሜይ 27 ቀን 1960 ንጋት ላይ የጦር መኮንኖች ሥልጣን ያዙ። በሬዲዮ አዋጁን ያነበቡት ኮሎኔል አልፓርስላን ቱርኬሽ ናቸው። ኮሎኔሉ ቀደም ሲል በዋሽንግተን በኔቶ የቱርክ ወታደራዊ ልዑክ ውስጥ ያገለገሉ ነበሩ። በዚያ አዋጅ ውስጥ ለውጭው ዓለም የተነገረው ዋና ነገር ቱርክ ለኔቶና የባግዳድ ውልን ለተካው ለሴንቶ ታማኝ ሆና እንደምትቀጥል ነበር። ያ ብቻ በቂ ሆነ። በቀናት ውስጥ ምዕራባውያን መንግሥታት ለአዲሱ አስተዳደር ዕውቅና ሰጡ።

እንግዲህ የጽሑፋችን እምብርት እዚህ ላይ ነው። የኔቶ ውል መግቢያ ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ግለሰብ ነፃነትና ስለ ሕግ የበላይነት ይናገራል። አንቀጾቹ ግን ጥቃት ከውጭ ሲመጣ የሚሠሩ ናቸው። የገዛ ጦሩ መንግሥቱን ቢገለብጥ ምን እንደሚደረግ የሚል አንቀጽ የለም። አባልን ማስወጣት የሚያስችልም የለም። ለዚህም ነው የሳላዛር አምባገነን አገዛዝ ያለባት ፖርቱጋል ከ1949 ጀምሮ ያለ ችግር መሥራች አባል የሆነችው። መንደሬስ በኮሪያ ደም የገዙት ዋስትና ለቱርክ ምድር እንጂ ለቱርክ መራጭ ድምፅ አልነበረም።

ወደ 600 የሚጠጉ የዴሞክራት ፓርቲ ሰዎች በያሲአዳ ደሴት ለ11 ወራት ተከሰሱ። ከክሶቹ መካከል ከባድ የሆኑት ሕገ መንግሥት መጣስና የ1955ቱ ጥፋት ነበሩ። ከአፍጋኒስታን ንጉሥ በስጦታ የመጣ ውሻ ለአራዊት መጠበቂያ መሸጡም በችሎት ፊት ቀረበ። በሴፕቴምበር 1961 በ15 ሰዎች ላይ የሞት ፍርድ ተሰጠ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ጨምሮ የውጭ መሪዎች ምሕረት ለመኑ፤ አልተሰሙም። ሴፕቴምበር 16 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሐሰን ፖላትካንና አስቀድመን ስማቸውን ያነሳናቸው ዞርሉ ተሰቀሉ። በኔቶ ጠረጴዛ ዙሪያ ቱርክን ወክለው ሲቀመጡ የነበሩት ሰው ያ ጠረጴዛ አላዳናቸውም። በማግሥቱ ተራው የመንደሬስ ሆነ። ቀደም ብለው ብዙ የእንቅልፍ ክኒን ውጠው ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ሐኪሞች አድነው ለገመድ አበቋቸው።

ከሞታቸው በኋላ

ሰውየው ሞቱ፤ ቃል ኪዳኑ ግን መለወጡን ቀጠለ። በ1962 በኩባ ምክንያት ዓለም በኑክሌር ጦርነት አፋፍ ላይ ስትቆም ዋሽንግተንና ሞስኮ በምስጢር ተስማሙ። መንደሬስ የተቀበሏቸው ጁፒተሮች በ1963 ተነሱ፤ አንካራን ያማከረ አልነበረም። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ቱርክ ቆጵሮስ ውስጥ ብትገባና ሶቪየት ብትመጣባት የኔቶ አጋሮቿ ሊከላከሉላት ግዴታ እንዳለባቸው ገና እንዳላሰቡበት በደብዳቤ አስታወቁ። ቱርክ በ1974 ቆጵሮስ ስትገባ አሜሪካ በ1975 የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለችባት።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ብዙዎች ኔቶም ይፈርሳል ብለው ነበር። እሱ ግን ሥራውን ለወጠ። በቦስኒያ ሙስሊሞች ሲታረዱ ለሦስት ዓመታት ሲያመነታ ቆይቶ፣ በጁላይ 1995 በስሬብሬኒጻ ከ8,000 በላይ ወንዶችና ልጆች ካለቁ በኋላ በኦገስት መጨረሻ በሰርብ ኃይሎች ላይ ሰፊ የአየር ድብደባ ከፈተ። በ1999 ለኮሶቮ ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ለ78 ቀናት ተዋጋ። አምስተኛው አንቀጽ በታሪኩ አንዴ ብቻ ሲጠራ፣ ይኸውም በሴፕቴምበር 2001፣ ጥሪው የተደረገው ለትንሽ አገር ሳይሆን ለአሜሪካ ነበር። ከዚያም አፍጋኒስታን ገብቶ በ2021 ወጣ። ሩሲያ በ2022 በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ስትከፍት ደግሞ ወደ መጀመሪያ ሥራው ተመለሰ። በ1950 ደጅ ስትጠና የነበረችው ቱርክ የስዊድንን አባልነት ለ20 ወራት ያህል አቆይታ ያጸደቀችው በጃንዋሪ 2024 ነው። ስዊድን በማርች ስትገባ አባላቱ 32 ሆኑ። ደጅ ጠኚ የነበረችው በረኛ ሆነች።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የጁላይ 15 ቀን 2016 ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት የቱርክ ጦር አንድ ክፍል እንደገና መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። የኢንጂርሊክ ሠፈር ቱርካዊ አዛዥ ሳይቀሩ ተጠርጥረው ተያዙ። ሙከራውን ያከሸፈው የኔቶ አንቀጽ አልነበረም። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ታንክ ፊት ቆመ፤ ከየሚናራውም በሰላዋት ሕዝቡ ተጠራ። መንደሬስ ለሚናራዎቹ የመለሱት ድምፅ ከሚሳይሎቹ ይልቅ ለአገራቸው መንግሥት ቅርብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መታሰራቸው ደግሞ የድሮው ፈተና፣ ማለትም አሸናፊ ሆኖ ፍትሕን መጠበቅ፣ ዛሬም እንዳላለፈ ያሳያል።

የመንደሬስ አስከሬን ለ29 ዓመታት በኢምራሊ ቆይቶ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1990 በታላቅ ሥነ ሥርዓት ወደ ኢስታንቡል ተዛወረ። የኢዝሚር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። በ2020 የቱርክ ፓርላማ የያሲአዳውን ፍርድ ቤት ሕጋዊ መሠረት ሰረዘ። ክብር ተመለሰላቸው፤ ሕይወት ግን አይመለስም።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ኔቶ ጠላት ነው ወይም ወዳጅ ነው የሚል መፈክር አይደለም። ኃያላን የሚሰጡት ጥላ እውነተኛ ጥላ ነው፤ ከፀሐይ ይከልላል። ግን ጥላውን የያዘው እጅ የባለቤቱ ነው፤ ወደፈለገበት ያዞረዋል። ትናንት አትላንቲክ፣ ከዚያ ካውካሰስ፣ ከዚያ ካቡል፣ ዛሬ እንደገና የአውሮፓ ምሥራቅ። በሥሩ የተጠለለ አገር ድንበሩን ሊያስጠብቅ ይችል ይሆናል። በዜጋና በመንግሥት መካከል ያለውን አደራ ግን ማንም ከውጭ መጥቶ አይጠብቅለትም። መንደሬስ ይህን አደራ ጀመሩት፣ በኋላም ራሳቸው ሸረሸሩት፤ ሲፈርስ ደግሞ ከነሕይወታቸው ይዟቸው ወደቀ። አላህ ይዘንላቸው፤ ለሚያስተውልም ትምህርት ያድርገው።